«ብራንች» የሚለውን ቃል ምንጭ እንዴት እንደተከታተልኩ

ብራንች፣ ቁርስንና ምሳን አንድ ላይ ለሚያደርገው ምግብ የተሰጠው የእንግሊዝኛ ስም፣ የተሠራው ከብሬክፋስት (ቁርስ) መጀመሪያውን፣ ከላንች (ምሳ) መጨረሻውን ወስዶ ነው፤ ቁርስና ምሳን አጋጭተን «ቁምሳ» እንደምንለው። ይህን ለማወቅ ምርምር አያስፈልግም። ሥራው ያለው ማን አመጣው፣ መቼስ የሚለው ላይ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ የተለመደ ወሬ ቃሉን ለኒውዮርኩ «ሰን» ጋዜጣ ዘጋቢ ለፍራንክ ዋርድ ኦማሊ ይሰጠዋል። እንዲህ ያለ ወሬ ሲገጥመኝ ከሁሉ በፊት ቀኑን አያለሁ። ኦማሊ በጋዜጣው የሠራው ከ1906 እስከ 1919 ነው፤ ቃሉ ግን በሎንዶኑ የቀልድ መጽሔት በ«ፓንች» የኦገስት 1 ቀን 1896 እትም ላይ ታትሟል። በቃ፣ ወሬው ወደቀ።

ፓንች ቃሉን ከአንድ ዓመት በፊት ያስተዋወቀው ጋይ ቤሪንገር እንደሆነ፣ የወጣውም «ሀንተርስ ዊክሊ» በተባለ መጽሔት ላይ እንደሆነ ይጠቅሳል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ አንብቦ ይተዋል። ቁም ነገሩ ግን ቀጥሎ ነው፦ ኦክስፎርድ ውስጥ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ምግቡ ወደ ቁርስ ሰዓት ሲቀርብ «ብራንች»፣ ወደ ምሳ ሲቀርብ ደግሞ «ብላንች» ይባል ነበር ይላል። ሲሰላ 1894 ይመጣል፤ ከቤሪንገር ጽሑፍ ይቀድማል። ፓንች ቀልደኛ ስለሆነ 1894ን እንደ ፍንጭ እንጂ እንደ ማስረጃ አልይዘውም። ቢሆንም ቤሪንገርን «አስተዋወቀው» እላለሁ እንጂ «ፈጠረው» ለማለት አልደፍርም።

ከ1896 በፊት የታተመ ለማግኘት ዲጂታል የሆኑ አሮጌ ጋዜጦችን የሚፈትሽ ሰው አንድ ወጥመድ ይጠብቀዋል። በእንግሊዝኛ ቅርንጫፍ ማለት የሆነው ቃል ከዚህኛው የሚለየው በአንድ ፊደል ብቻ ነው፤ «ኤ» በ«ዩ» ፋንታ። ቀለሙ ከደበዘዘ ወይም የፊደሉ አናት ከተበላ የገጹን ፎቶ ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ማሽን አንዱን በሌላው ያነባል፣ የባንክና የባቡር መስመር ቅርንጫፎችም ይግተለተላሉ። ስለዚህ ቃሉን ብቻውን አልፈልግም፤ ብሬክፋስት ወይም ላንች አብሮት ያለበትን ገጽ እጠይቃለሁ፣ ከዚያም ማሽኑ የጻፈውን ትቼ የገጹን ፎቶ ከፍቼ ፊደሉን በዓይኔ አያለሁ።

ቀኑም ያታልላል። የመጽሔት ጥራዞች ካታሎግ ላይ ሲመዘገቡ አንዳንዴ ለሁሉም የሚሰጣቸው መጽሔቱ የተጀመረበት ዓመት ነው፤ የ1920ዎቹ ጥራዝ የ1880ዎቹ መስሎ ብቅ ይላል። ትክክለኛው ቀን ያለው በጥራዙ የርዕስ ገጽና በየእትሙ አናት ላይ ነው። እሱ ካልታየ ጥቅሱን አልመዘግበውም።