ሮጦ ለመውጣት ትኬት የሚቆረጥበት ሲኒማ ቤት

ፊኒክስቪል ከፊላደልፊያ ወጣ ብላ ያለች ትንሽ የፔንሲልቬንያ ከተማ ናት። ድሮ ስሟ የሚነሳው በብረት ፋብሪካዋ ነበር። ፋብሪካው በ1987 ተዘጋ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አሁን በየዓመቱ ጁላይ ላይ ሰው የሚጎርፍላት ዓይንም አፍም የሌለው ቀይ ጭራቅ ስላላት ነው።

ጭራቁ «ዘ ብሎብ» ከሚባለው የ1958 ፊልም የመጣ ነው። ከሰማይ ድንጋይ ይወድቃል። አንድ ሽማግሌ በእንጨት ሲነካካው ውስጡ ያለው ዝልግልግ ነገር እጁ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ያገኘውን ሰው ሁሉ እየዋጠ ያብጣል። ያዩት ወጣቶች ለፖሊስ ቢናገሩም የሚሰማቸው የለም። ዋናውን ወጣት የሚጫወተው ስቲቭ ማክዊን ነው። ፊልሙ ሲቀረጽ 27 ዓመቱ ነበር፤ ገጸ ባሕሪው ግን ገና ተማሪ ነው። ፖሊሶቹ ባያምኑት አልፈርድባቸውም።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ብሪጅ ስትሪት ስደርስ መንገዱ በሰው ታጭቋል። ሁሉም ዓይኑን የተከለው ኮሎኒያል ቲያትር በር ላይ ነው። ከ1903 ጀምሮ እዚያው የቆመ ቤት ነው። በፊልሙ ውስጥ ጭራቁ በማጫወቻው ክፍል ቀዳዳ ሾልኮ ተመልካቹ ላይ የሚወርደው፣ ሕዝቡም እየጮኸ የሚወጣው እዚሁ ነው። በጭራቁ ስም በየዓመቱ የሚከበረው በዓል፣ የብሎብፌስት አዘጋጆች ያንን ትዕይንት በየዓመቱ ያስደግሙታል። ሰው ከሲኒማ ቤት ሮጦ ለመውጣት ትኬት ይቆርጣል!

በሮቹ ተበርግደው ሲከፈቱ ጩኸቱ ቀድሞ ወጣ። ከፊት ሰፊ ቀሚስ የለበሱ ሴቶች፣ ከኋላ ልጁን ትከሻው ላይ ያስቀመጠ አባት። አንዲት አሮጊት በከዘራ ቀስ እያሉ ወጡና በሩ ላይ ቆመው፣ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው አንዴ በደንብ ጮኹ። ከዚያ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሕዝቡ አጨበጨበላቸው። ከሚሮጡት ግማሹ ይስቃል። ዋናው ፊልም ላይም ቢሆን አስተውላችሁ ካያችሁ እየሳቁ የሚሮጡ አሉ።

ጭራቁ ቀይ ቀለም የተነከረ ሲሊኮን ነው። በቃ። ምግብ ቤቱን ሲውጥ የሚታየው ደግሞ የምግብ ቤቱ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶውን ከነካሜራው የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ ገጠሙት፤ ሲሊኮኑን ጫኑበት፤ ጠረጴዛውን ሲነቀንቁት ተንከባልሎ ወረደ። ፊልሙን ወደ ኋላ ሲያጫውቱት ሕንፃው ላይ የሚወጣ መሰለ። ይህን ካወቅኩ በኋላ ያንን ቦታ ባየሁት ቁጥር ፈገግ እላለሁ፤ ግን አሁንም ደስ ይለኛል።

የዘመኑ ፊልም ኤሊያኑን በኮምፒውተር ሠርቶ ጥፍሩን ሳይቀር ያሳየናል። እኛ ፖፕኮርን ከመብላት ሌላ ሥራ የለንም። የ50ዎቹ ፊልም ገንዘብ ስላልነበረው ጭራቁን ቆጥቦ ነው የሚያሳየን፤ ይልቅ የፈራውን ሰው ፊት ያሳየናል። ቀሪውን የምንሞላው እኛ ነን። ጨርቅ ጭራቅ የሚመስለው መብራት ሲጠፋ አይደል? ለእኔ የእነዚህ ፊልሞች ጣዕም እዚህ ላይ ነው። ጭራቁ የቀዝቃዛው ጦርነት ፍርሃት ምልክት ነው የሚሉ አሉ። ይሁን፤ ግን ብሪጅ ስትሪት ላይ ሩስያን ያነሳ ሰው አልሰማሁም።

ቅዳሜ በፎይል ባርኔጣ የሚወዳደሩትን አልፌ ፊልሙን እዚያው ኮሎኒያል ውስጥ አየሁት። ጭራቁ የሚፈራው ብርድ ብቻ ነው። በእሳት ማጥፊያ ጋዝ ያቀዘቅዙትና በአውሮፕላን ወስደው አርክቲክ በረዶ ላይ ይጥሉታል። ማክዊን አርክቲክ ቀዝቃዛ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ሰላም ነው ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በ1958 ይህ ቀልድ አልነበረም።

ለሚቀጥለው ዓመት የሩጫው ትኬት ሲወጣ ቀድሜ ልገዛ አስቤያለሁ። ጩኸቱን መኪና ውስጥ ሞክሬዋለሁ፤ ገና ልምምድ ይቀረዋል።