ከሰርግ ቪዲዮ እስከ ክሊፕ ዳይሬክተርነት፦ የአራት ዓመት ልምዴ

ከአራት ዓመት በፊት ደብረ ማርቆስ ላይ የሰርግ ቪዲዮ ማቀናበር ስጀምር፣ ኤዲቲንግ ማለት የተበላሸውን ቆርጦ የቀረውን መቀጠል ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሰርግ፣ ልብ ወለድ ፊልምና የሙዚቃ ክሊፕ እያፈራረቅሁ እሠራለሁ። ሥራዎቹ አንዱ ለሌላው ምን እንዳቀበሉ፣ በተለይም ዳይሬክት ባደረግሁት ሁለተኛ ክሊፕ ላይ የገጠመኝን፣ በዚሁ ሙያ ላላችሁ ላካፍላችሁ።

ሰርግ «ይደገም» የማይባልበት ቀረጻ ነው። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ የወላጆቿን ጉልበት የምትስመው አንዴ ነው፤ ካሜራው በዚያች ቅጽበት ወደ ሚዜዎቹ ዞሮ ከነበረ፣ ለኤዲተሩ የሚተርፈው ምናልባት የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ የምትወስድ የእናት እጅ ነች። ያቺን እጅ ደጋግሜ ካየሁ በኋላ ነው፣ ፊልም ሳቀናብር ከተናጋሪው ይልቅ የሰሚውን ፊት መፈለግ የለመድሁት። ሩሲያዊው የፊልም ዳይሬክተር ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት ያሳየውም ይህንኑ ነው፤ ያው አንድ ፊት ከሾርባ ሳህን ወይም ከሬሳ ሣጥን ጋር ሲቀጠል፣ ተመልካቹ በየጊዜው ሌላ ስሜት ያነብበታል።

ክሊፕ ደግሞ ምትን በፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮው በተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች፣ መቁጠር አስገደደኝ። በሴኮንድ 25 ፍሬም ስንቀርጽ፣ በደቂቃ 120 ምት ባለው ዘፈን አንዱ ምት አሥራ ሁለት ፍሬም ተኩል ይሆናል። ግማሽ ፍሬም ላይ መቁረጥ ስለማይቻል አንዱን በ12፣ ቀጣዩን በ13 እያልሁ እሄዳለሁ። በጎጃም እስክስታ ላይ ግን ይህም አይበቃም፤ ትከሻው ሊወርድ ሲል ከቆረጥሁት ጭፈራው ይሰበራል፣ ወርዶ ሊመለስ ሲል ከቆረጥሁት ግን ምስሉ ራሱ የጨፈረ ይመስላል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ክሊፑን ጮቄ ተራራ ግርጌ ስንቀርጽ፣ ስልኬ ላይ የነበረውን ዘፈን በድምፅ ማጉያ እየለቀቅሁ ዘፋኙ በከንፈሩ ይከተለው ነበር። ያ ቅጂ 118 ምት ያለው የመጀመሪያው ቅንብር መሆኑን፣ ስቱዲዮው በመጨረሻ ወደ 120 እንዳሳደገው፣ ያወቅሁት ታይምላይን (ምስልና ድምፅ ለኤዲቲንግ በሚደረደሩበት መስመር) ላይ ሳስቀምጠው ነው። አራት ደቂቃ የነበረው ዘፈን አራት ሴኮንድ አጥሯል። በቀረጻው ሰዓት የካሜራው ባልደረባዬ ከንፈሩ ዘገየ ብሎ ጠርጥሮ ነበር፤ እኔ ግን ጉሙ ሳይወርድብን ለመጨረስ ስለቸኮልሁ «ኤዲቲንግ ላይ ይስተካከላል» አልሁት። ይህን አባባል ከሌላ አፍ ስሰማው የሚያናድደኝ እኔ፣ ከራሴ አፍ ሲወጣ አላስተዋልሁትም።

መጀመሪያ ምስሉን ከመቶ 1.7 ያህል አፈጠንሁት። ከንፈሩ ገጠመ፤ ነገር ግን በየ60 ፍሬሙ አንድ ፍሬም ስለሚዘለል፣ እስክስታው ላይ ትከሻው በየ2.4 ሴኮንዱ ገደማ ዘለል ይላል። ስለዚህ ምስሉን ወደ ፍጥነቱ መልሼ ሌላ መንገድ ያዝሁ። ሁለት ሴኮንድ ርዝመት ባለው ምስል ላይ የሚፈጠረው መዘግየት ከአንድ ፍሬም ያንሳል። ከንፈር የሚታይባቸውን ምስሎች በሙሉ ከሁለት ሴኮንድ በታች አድርጌ እያንዳንዱን ከምቱ ጋር እንደ አዲስ አጋጠምሁት፤ በመካከላቸውም የዋሽንት ነፊውን ጣቶች፣ የጨፋሪዎቹን እግርና ጉሙን አስገባሁ። እነዚህ ምስሎች በእጄ የተገኙት የሰርግ ልማዴ ሳያዙኝ እንድቀርጽ ስላደረገኝ ነው፤ ዘፋኙን ብቻ ቀርጬ ቢሆን ኖሮ ቡድኑን ሁሉ ይዤ ወደ ተራራው መመለስ ግድ ይሆንብኝ ነበር።

የማከብራቸው አንድ አንጋፋ ባለሙያ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» እያሉ አንዱን እንድይዝ መክረውኛል። ሆኖም አሜሪካዊው የፊልም ኤዲተር ዋልተር መርች በ1997 እ.ኤ.አ. በአንድ ፊልም የምስል ኤዲቲንግም የድምፅም ኦስካር ወስዷል፤ ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማም ፊልሞቹን ራሱ ይጽፋል፣ ያዘጋጃል፣ ያቀናብራል። እኔም ለጊዜው ሦስቱንም ይዤ እቀጥላለሁ።

በሚቀጥለው ክሊፕ በዝግታ የሚታይ ክፍል አለን፤ በሴኮንድ 50 ፍሬም ቀርጸን በ25 ስለምናሳየው ዘፈኑ በቀረጻው ሰዓት በእጥፍ ፍጥነት ይለቀቃል፣ ዘፋኙም በዚያው ፍጥነት ከንፈሩን መለማመድ አለበት። ልምምዱን ጀምረናል። የመጨረሻውን ቅጂ ከስቱዲዮው ተቀብዬ ርዝመቱን እስከ ሴኮንዱ ጽፌያለሁ፣ የድሮዎቹን ቅጂዎችም ከስልኬ አጥፍቻለሁ።