መቶ ዶላር እስኪሞላ

ፖስታው የመጣው በጓደኛዬ መሥሪያ ቤት የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። የራሴ ሣጥን አልነበረኝም፤ ቤት ድረስ ደብዳቤ የሚያመጣ ስለሌለም ብሎጌ ላይ ማስታወቂያ እያወጣ ለሚከፍለኝ የውጭ ድርጅት ፎርም ስሞላ የእሱን ቁጥር ሰጠሁ። ጓደኛዬ ለመስክ ሥራ ጅማ ሄዶ ስለነበር ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። ሲመለስ ፒያሳ ተገናኘንና ቀጭን ነጭ ፖስታ ከቦርሳው አውጥቶ ሰጠኝ። ጠርዙን ቀድጄ ስከፍተው ውስጡ ባለስድስት አሃዝ የማረጋገጫ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ሒሳቤ 10 ዶላር ስለደረሰ የተላከ ነው፤ ገንዘቡን ለማውጣት ግን 100 ዶላር መሙላት አለበት። እዚያው ቆሜ ለባለቤቴ ደወልኩና “ተሳካ!” አልኳት። መቶው ለመሙላት 14 ወር ፈጀ።

ዘመኑ 2009 ዓ.ም. ነበር። እሠራበት የነበረው መጽሔት የወረቀትና የኅትመት ዋጋ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ከተዘጋ ገና ሦስት ወሩ ነው። እዚያ ሳለሁ በጣም የሚነበብልኝ ትልልቁ ትንታኔዬ ሳይሆን የመጨረሻው ገጽ ላይ የምጽፋት ትንሽ ዓምድ ነበረች፦ መንግሥት መሥሪያ ቤት ጉዳይ ያለው ሰው ምን ይዞ ይሂድ፣ የትኛው መስኮት ይጠይቅ፣ ስንት ፎቶ፣ ስንት ኮፒ። “ነገ ተመለስ” ተብሎ ያልተመለሰ ሰው በአገራችን የለም። እኔም ይህችን ዓምድ ብሎግ አድርጌ ብቀጥል እኖርባታለሁ ብዬ አሰብኩ።

አንባቢ ማግኘቱ አላስቸገረኝም። በዓመቱ መጨረሻ ላይ የአማርኛውን ገጽ በቀን ሦስት ሺህ ያህል ሰው ይከፍተው ነበር። ሆኖም የማስታወቂያው ድርጅት ያኔ ከሚቀበላቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ አልነበረም። ፈቃድ ያገኘሁት ስለ ላሊበላና ስለ ሰሜን ተራሮች በእንግሊዝኛ በጻፍኳቸው ጥቂት ጽሑፎች ነው፤ እነሱን በቀን 60 ሰው እንኳ አያያቸውም። ገንዘቡ የመጣው ግን ከነዚያ 60 ሰዎች ነው። ሦስት ሺው አማርኛ አንባቢ አምስት ሳንቲም አላመጣም። የመጀመሪያው ክፍያ በዚያን ጊዜ ምንዛሪ 2,700 ብር አካባቢ ሆነ፤ ለ14 ወር ሲካፈል በወር 200 ብር አይሞላም።

ስለዚህ እውነቱን ልናገር፤ ብዙ ሰው ይህን ክፍል ሲዘልለው አያለሁና። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመት ተኩል የበላነው የባለቤቴን ደሞዝ ነው። ነርስ ናት። እሷ የሌሊት ተረኛ ሆና ስትገባ እኔ ልጃችንን አስተኝቼ እጽፋለሁ። የቤት ኪራይ የከፈለችው እሷ ናት። “ሥራ ትቼ መጻፍ ልጀምር ወይ?” ብለው ለሚጠይቁኝ ወጣቶች በቅድሚያ የምጠይቃቸው ኪራዩን ማን እንደሚከፍል ነው።

ማስታወቂያው እንደማያዋጣ ከገባኝ በኋላ ያደረግሁት አንባቢዎቼ እነማን እንደሆኑ መመርመር ነበር። ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብኝም ይህንን ነው። እጅግ የተነበበው ስለ ውክልና የጻፍኩት ነበር። ከሦስት አንባቢ አንዱ ከአገር ውጭ ነው፦ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኩዌት፣ ኤምሬትስ፣ አሜሪካ። ለወንድሟ ቤት እንዲሸጥላት ውክልና የላከች ሴት ሰነዱ “ጠቅላላ ውክልና ነው፣ ለመሸጥ አይሆንም” ተብሎ ይመለስባታል። ምክንያቱ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነው፤ ጠቅላላ ውክልና የሚያገለግለው ለአስተዳደር ሥራ ሲሆን፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በዋስትና ለማስያዝ በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ውክልናው ላይ “ለመሸጥ” የሚል ቃል ከሌለ ኤምባሲ ደርሳ ያገኘችው ማኅተም፣ አዲስ አበባ ላይ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋገጠው ፊርማ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ የተያዘው ወረፋ፣ ሁሉም ከንቱ ይቀራል። እንደገና ከአሠሪዋ ፈቃድ ለምና፣ ታክሲ ከፍላ፣ ከሪያድ ዳር እስከ ኤምባሲው መሄድ አለባት። ይህንን በሁለት ገጽ ግልጽ አማርኛ መጻፍ ለአንድ ሰው የወር ደሞዝ ያተርፋል። ይህን ሳውቅ ስንት ሰው አነበበኝ ብዬ መቁጠር አቆምኩ።

እዚህ ላይ ስለ ፊደላችን አንድ ነገር ላንሳ፤ ስለ ሥራው ካወቅሁት ሁሉ የምወደው ይህንን ነው። አማርኛ አንባቢ ሲፈልግ እንደ መሰለው ይጽፋል። አንዱ “ሰነድ” ይላል፣ ሌላው “ሠነድ”። “ሥልጣን” እና “ስልጣን”፣ “ጽሑፍ” እና “ፅሁፍ”፣ “ኤምባሲ” እና “ኢምባሲ”፣ “ፓስፖርት” እና “ፓስፖረት”። ሌላው ደግሞ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የሚፈልገው። ለኮምፒውተሩ እነዚህ የተለያዩ ቃላት ናቸው። እኔ በመጽሔት ቤት ያደግሁ ስለሆንኩ በ“ሠ” እና በ“ሰ” ከአራሚ ጋር የምከራከር ሰው ነበርኩ። አንድ ቀን ማታ ሰዎች ምን ብለው ጽፈው ወደ እኔ እንደመጡ ዝርዝሩን አውጥቼ ሳየው፣ “በትክክል” የጻፍኩትን ቃል ብለው የመጡት ከአራት አንድ ያህሉ ብቻ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ርእሱን ባመንኩበት ፊደል እጽፍና በመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ ሰው የለመደውን ሌላውን አጻጻፍ አንድ ጊዜ አስገባለሁ። ለዚህ አንዲት ለውጥ ብቻ የውክልናው ጽሑፍ አንባቢ በሁለት ወር ውስጥ እጥፍ ሆነ። ስለ አማርኛ ድረ ገጽ ሥራ ከየትኛውም የእንግሊዝኛ ኮርስ ያላገኘሁት ትምህርት ነው።

አንባቢ ሲበዛ ሌባም ይበዛል። አንድ ቅዳሜ ጸጉሬን ልቆረጥ ተቀምጬ ሳለሁ ከፀጉር አስተካካዩ ስልክ ላይ የማውቀው ዓረፍተ ነገር ሰማሁ። ከጀርባው በገና የተከፈተበት ወፍራም የወንድ ድምፅ የእኔን ጽሑፍ ከአንደኛው ቃል ጀምሮ ይተርካል። “ከታች በፎቶው እንደምታዩት” እስከሚለው ድረስ አነበበው፤ ቪዲዮው ላይ ግን ፎቶ የለም። ያንን ትረካ 200,000 ሰው ሰምቶታል። ሰነዶቹን ለማጣራት አራት ቀን ወረፋ ይዣለሁ፤ ስሜ የትም የለም። ጻፍኩለት፣ አልመለሰም። አቤቱታ አስገባሁ፤ አንዱ ቪዲዮ ሲወርድ ሦስት ሌሎች ወጡ። ሦስት ወር ሙሉ ከተራኪዎች ጋር ስጨቃጨቅ አዲስ ነገር የጻፍኩት ስድስት ብቻ ነው፤ ይህ ጊዜ አሁንም ይቆጨኛል። ውሎ አድሮ ያገኘሁት መላ ቀላል ነው። መረጃው ይለወጣል፤ ተራኪው ግን አይመለስበትም። እያንዳንዱ ጽሑፍ አናት ላይ “ለመጨረሻ ጊዜ በአካል ሄጄ ያረጋገጥኩት” ብዬ ቀኑን መጻፍ ጀመርኩ። ሰው ትረካውን ሰምቶ ለማረጋገጥ ወደ እኔ መምጣት ለመደ።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን የራሴ ጥፋት ነው። በሦስተኛው ዓመት አንድ ቤት ሠሪ ድርጅት ስለ አፓርታማዎቹ እንድጽፍለት 15,000 ብር ሰጠኝ። ቦታው ድረስ ሄጄ መሠረቱ ሲቆፈር አየሁ፤ ወረቀቶቹንም አሳዩኝ። ኪራይ የምንከፍልበት ቀን ደርሶ ነበር። እንደ ሌላው ጽሑፌ አድርጌ ጻፍኩት፤ ማስታወቂያ መሆኑን የሚገልጸውን ቃል ከታች በትንሹ አስቀመጥኩት። ከሁለት ዓመት በኋላ ከኩዌት በኢሞ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። አምስት ደቂቃ ይሆናል። ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ከሰባት ዓመት የቤት ሠራተኝነት ያጠራቀመችውን ቅድመ ክፍያ እንደከፈለች፣ ሕንፃው ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንደቆመ፣ ስልክ የሚያነሳላት እንደጠፋ ነገረችኝና መጨረሻ ላይ “ወንድሜ፣ የውክልናውን ስላስተካከልክልኝ ነው ይህንንም ያመንኩህ” አለችኝ። ያንን ድምፅ አላጠፋሁትም። በማግስቱ ጽሑፉን አንስቼ በቦታው ምን እንደተፈጠረ ጻፍኩ። ለእሷም ጠበቃ አፈላልጌ የመጀመሪያውን ምክር እኔ ከፈልኩ፤ ከደረሰባት አንጻር ኢምንት ነው። ከዚያ ወዲህ አንባቢ ቅድመ ክፍያ የሚጠየቅበትን ማንኛውንም ማስታወቂያ አልቀበልም። የምቀበለው ላይም “ማስታወቂያ” የሚለው ቃል ከርእሱ በላይ በወፍራሙ ይጻፋል። አንዳንዱ ከፋይ ይህንን ሲሰማ ይተወዋል፤ እኔም አልለምነውም።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ገቢ አብሮ ይቋረጣል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ የአገር ሐዘን ነበርና ስለ ራሴ ማሰብ አሳፍሮኝ ነበር። በወሩ መጨረሻ ግን ስፖንሰሬ የነበረው ድርጅት “ያልወጣ ማስታወቂያ አይከፈልም” አለኝ። ልክ ነው። በየካቲት 2015 እንደገና ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተገድበው አምስት ወር ያህል ሲቆዩ አገር ውስጥ ያለው አንባቢዬ ከግማሽ በታች ወረደ፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የድረ ገጼን አድራሻ አያውቀውም፣ የሚመጣው በቴሌግራም ቻናሌ ነው። ይኸው ነገር ሁለተኛ እንዳይደርስብኝ ማስታወቂያ ከሚሰጡኝ ድርጅቶች ጋር በዓመት እንጂ በወር አልዋዋልም፤ አንባቢዎቼንም አድራሻውን ስልካቸው ላይ እንዲያስቀምጡ በየጽሑፉ እነግራለሁ።

ታዲያ እንጀራው ከየት መጣ? ፒዲኤፍ መመሪያ አዘጋጅቼ በቴሌብር በ100 ብር ልሸጥ ሞክሬ ነበር፤ በአራተኛው ቀን አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ በነፃ አየሁት። “ጉዳይ አስፈጽምልን” የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ እሱን ሥራ እምቢ አልኩ። የወረፋውን መንገድ ለሁሉ እያሳየሁ ለከፈለኝ ብቻ በጓሮ መግባት አልችልም። የሚያኖረኝ ያልጠበቅሁት ነገር ነው። አንድ የሕግ ቢሮ ጽሑፎቼን አንብቦ የደንበኞቹን መመሪያ ሰው በሚገባው አማርኛ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። ከዚያ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት መጣ፣ ከዚያ አንድ ማይክሮፋይናንስ። ዛሬ ከማገኘው አሥር ብር ስድስቱ ከእንዲህ ዓይነት ሥራ ነው፤ ሁለቱ ከማስታወቂያ፣ ሁለቱ ደግሞ አንባቢዎች በፈቃዳቸው በየወሩ ከሚልኩት። ብሎጉ ራሱ ብዙ አይከፍልም፤ ያለ እሱ ግን እነዚህ አንዳቸውም በሬን አያንኳኩም ነበር።

በመጀመሪያው እንዲህ ያለ ሥራ ላይ 20,000 ብር ተዋውዬ 14,000 ተቀበልኩ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አላወጣሁም ነበር፤ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ቁጥር ከሌለው ሰው 30 በመቶ ተቀናሽ ይደረግ ነበር፤ ቁጥር ቢኖረኝ 2 በመቶ ብቻ ነበር የሚቀነሰው። ሰው ስለ ቲን ቁጥር እንዴት እንደሚወጣ የጻፍኩትን እያነበበ እኔ ራሴ አላወጣሁም።

ወጪውም አለ። የድረ ገጹ ቦታና አድራሻ በዓመት 120 ዶላር ያስከፍላል። ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ በካርዷ ትከፍልልኛለች፣ እኔ ለእናቷ እዚህ በብር እሰጣለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ በላይ ሆነ፤ 7,000 ብር የማይሞላው ወጪዬ ከ12,000 አለፈ። የአገር ውስጥ ደንበኞቼ ክፍያ ግን እንዳለ ነበር። በዚያ ዓመት ዋጋዬን ለመጀመሪያ ጊዜ ጨመርኩ፤ አንዱ ደንበኛ ሄደ፣ ሌሎቹ ቆዩ።

እናቴ እስከ ዛሬ ጎረቤት ሲጠይቃት “መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት እየዞረ ይጽፋል” ትላለች። ከዚህ የተሻለ አገላለጽ አላገኘሁለትም። የውክልናው ጽሑፍ አናት ላይ ያለው ቀን ስድስት ወር ሊያልፈው ነው። ትናንት ማታ ከጅዳ አንዲት እህት “አሁንም በዚሁ ነው ወይ የሚሠራው?” ብላ ጠይቃኛለች፤ ነገ ሄጄ አይቼ እንደምመልስላት ነግሬያታለሁ። መስኮቱ የሚከፈተው 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ ወረፋው ግን ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ስለሚያዝ ደብተሬን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ ልተኛ ነው።