ቁልፉ ተዘግቶም የማይጠፋ ሞተር

ሰሞኑን ሐሳቤን ሁሉ የያዘው የመኪናዬ ሞተር ነው። ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው የድሮ ሞተር ነው። ረጅም መንገድ ሄዶ በደንብ ሲሞቅ ቁልፉን አጠፋለሁ፤ እሱ ግን ዝም አይልም። ይንቀጠቀጣል፣ ያንኳኳል፣ ሊቆም ሲል እንደገና ይነሳል። ድምፁን በሰማሁ ቁጥር ይጨንቀኛል። እንዲህ ያለ ማንኳኳት ለፒስተኑም ለቫልቩም ጥሩ አይደለም።

ምንም ከመፍታቴ በፊት አንድ ነገር መለየት ፈለግሁ፦ አካሄዱ ሻካራ ነው ወይስ ለስላሳ? ይሄ ጥያቄ ብዙ ድካም ያስቀራል። ቁልፉ ተዘግቶ ሞተሩ እንደ ወትሮው ለስልሶ የሚዞር ከሆነ ችግሩ የኤሌክትሪክ ነው። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች አሁንም እሳት እያገኙ ነው ማለት ነው። የቁልፉ ማብሪያ ውስጡ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ወይም በዳሽቦርዱ የባትሪ መብራት ሽቦ በኩል ከዲናሞው ኃይል ወደ ኋላ እየተመለሰ ይሆናል። ቁልፉ ጠፍቶ ሞተሩ እየዞረ ለካንዴላዎቹ ኃይል የሚሰጠው ኮይል ላይ የመሞከሪያ መብራት ማድረግ ነው። ከበራ፣ ካርቡራተሩን መነካካት አያስፈልግም።

የእኔው ላይ አልበራም። አካሄዱም ሻካራ ነበር። ስለዚህ ያለ ካንዴላ እሳት የሚቀጣጠል ቤንዚን አለ።

ካርቡራተር ስለ ቁልፍ የሚያውቀው ነገር የለም። ፒስተኑ በወረደ ቁጥር ሞተሩ አየር ይስባል፤ አየሩም ቤንዚኑን ይዞ ይገባል። ሲሊንደሩ ውስጥ የጋለ ነገር ካገኘ ይነዳል። የጋለው ነገር የተጋገረ ካርቦን፣ የካንዴላ ጫፍ ወይም የጭስ ማስወጫው ቫልቭ ጠርዝ ሊሆን ይችላል። ኦክቴኑ ዝቅ ያለ (ማለትም በሙቀት ብቻ ቶሎ የሚቀጣጠል) ቤንዚን ደግሞ ነገሩን ያባብሳል። በካርቡራተር ፈንታ ነዳጁን የሚረጭ ኢንጀክሽን ያላቸው መኪኖች ላይ ይሄ ችግር የማይታየው ቁልፉ ሲጠፋ ነዳጁም አብሮ ስለሚቆረጥ ነው።

ካንዴላዎቹን ፈትቼ አየኋቸው። ቀለማቸው ጤናማ ቡኒ ነው፤ ቁጥራቸውም መመሪያው የሚያዘው ነው። ነጭ ሆነው ቢሆን ኖሮ ወይ ቤንዚኑ አንሷል ወይ ካንዴላው ለሞተሩ በጣም የሚግል ዓይነት ነው እል ነበር። የራዲያተሩ ውኃ ሙሉ ነው። የሙቀት ጌጁም ከቦታው አልወጣም።

ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ላይ ስደርስ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። መመሪያው በደቂቃ 800 ዙር ይላል፤ መኪናው የሚዞረው 1,100 ላይ ነው። ሚኒሞ ከፍ ሲል የካርቡራተሩ ክዳን ሰፋ ብሎ ይከፈታል። ቁልፉ ከጠፋ በኋላም ሞተሩ እንደልቡ ይተነፍሳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚኒሞዋን ብሎን ዝቅ አድርጎ ያበቃል። እኔም ዝቅ ሳደርጋት ሞተሩ በዚያ ፍጥነት መዞር አልቻለም፤ ተንገጫግጮ ጠፋ።

ስለዚህ ጥያቄው ተቀየረ። ሚኒሞው ለምን ከፍ ተደረገ? ከእኔ በፊት የነካው ሰው ሞተሩ እየጠፋ ሲያስቸግረው ብሎኗን አጥብቆ ሸኝቶታል። ደካማውን ነገር ሳያገኝ ሸፈነው ማለት ነው። ይሄ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ድካሙን ወደ ሌላ ቦታ አዛወረው እንጂ አልፈወሰውም።

አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ይኖር ይሆን ብዬ የቫኩም ቱቦዎቹን እያፈንኩ ሰማሁ። ለውጥ የለም። ቀጥዬ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተር የቫኩም ቱቦ ነቅዬ ደፈንኩና እሳቱ የሚመጣበትን ጊዜ በሚያሳየው የታይሚንግ መብራት አየሁ። ምልክቱ 6 ዲግሪ ዘግይቷል፤ እሳቱ ከጊዜው ዘግይቶ ይመጣል ማለት ነው። ምክንያቱ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው ኮንታክት ፖይንት፣ የኮይሉን ኃይል የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ማብሪያ፣ ነው። በሚዞረው ጉብታ (ካም) ላይ እየተፋተገ የሚሄደው ትንሽ እግሩ ሲያልቅ ክፍተቱ ይጠብባል፤ ክፍተቱ ሲጠብብ እሳቱ ይዘገያል። ቀስ እያለ ስለሚመጣ ነጂው አያስተውለውም።

እዚህ ጋ ሁሉም ነገር ተያያዘ። እሳቱ ሲዘገይ ቤንዚኑ ፒስተኑን በሚገባ ሳይገፋ ዘግይቶ ይነዳል። ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ደግሞ የጭስ ቫልቩ ላይ ያርፋል። ጉልበት ሲያንስ ሚኒሞ ከፍ ይደረጋል። በአንድ እጅ ሙቀት፣ በሌላው ነዳጅና አየር። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል!

በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጭስ ብክለት ሕግ ሲጠብቅ ፋብሪካዎች ቤንዚኑን አሳንሰው፣ እሳቱን አዘግይተው፣ ሚኒሞውን ከፍ አድርገው ነበር። ችግሩ የበዛውም ያኔ ነው። መፍትሔ ብለው ቁልፉ ሲጠፋ የሚኒሞውን ነዳጅ የሚዘጋ ወይም ክዳኑን ጨርሶ የሚያስከድን ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ መዝጊያ) ገጠሙ። መኪናችሁ ይሄ ካለው መሞከር ቀላል ነው፦ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን አብሩ፣ ሽቦውን ነቅላችሁ መልሱ፤ ጠቅ ካላለ ወይ ኃይል አይደርሰውም ወይ ሞቷል። የእኔ መኪና የለውም። ቢኖረውም እሳቱ እንደዘገየ ሶሌኖይድ ቀይሮ መተው አይዋጥልኝም። ሞተሩ ይጠፋል፤ ቫልቩ ግን መንገድ ላይ መቃጠሉን አያቆምም።

አዲስ ኮንታክት ፖይንት አስገባሁ፤ ክፍተቱን 0.4 ሚሊሜትር አድርጌ እሳቱን አስተካከልኩ። ሚኒሞውን ወደ 800 ሳወርደው ሞተሩ ሳይጠፋ ጸጥ ብሎ ዞረ። ሞቆ ሲመለስ ቁልፉን አጠፋሁ፤ አብሮ ጠፋ።

እስኪስተካከል ድረስ የማቆመው በማርሽ ነበር። ፍሬኑን አጥብቄ ይዤ ከፍተኛውን ማርሽ አስገባና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ እለቃለሁ፤ ታንቆ ይቆማል።

የሚቀረኝ ካርቦኑ ነው። ይሄን ያህል ጊዜ በዘገየ እሳት ሠርቶ ውስጡ ንጹሕ ይሆናል ብዬ አላምንም። ቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክዳን) የማስከፍተው ግን ችግሩ ከተመለሰ ብቻ ነው። እስከዚያው ኮምፕሬሽኑን (በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት) ለክቼ ቁጥሩን እዚሁ ማስታወሻዬ ላይ እጽፋለሁ።