የወባ ትንኞችን የዘር ሐረግ አራት ኪሎ ሆኜ እንዴት አነበብኩ

አኖፌለስ አረቢየንሲስ እና አኖፌለስ ጋምቢየ የሚባሉ ሁለት የወባ ትንኞች አሉ። ማይክሮስኮፕ ሥር ጎን ለጎን አድርጋችሁ ብታዩዋቸው አትለዩዋቸውም። ግን አንድ ዝርያ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በቤተ ሙከራ ሲያዳቅሏቸው የተወለዱት ወንዶች መካን ሆኑ። አንድ ሲባል የኖረው ትንኝ የበርካታ ዝርያዎች ስብስብ መሆኑ ግልጽ የሆነው ያኔ ነው።

እኛ አገር ወባን በዋናነት የሚያስተላልፈው አረቢየንሲስ ነው። አዲስ አበባ ደጋ ስለሆነች የከተማው ሰው ስለ ትንኝ ብዙም አይጨነቅም። ወባ ትዝ የሚለን ቆላ ወርዶ የተመለሰ ዘመድ ሲያተኩሰው ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሐሳቤን የቀየረው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ነው። አገሩ ደቡብ እስያና የአረብ ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘ። የሚራባው ሰው ውኃ በሚያጠራቅምበት በርሜልና ሮቶ ውስጥ ስለሆነ ከተማ ይስማማዋል። ማንነቱ የተረጋገጠው በመልኩ ብቻ ሳይሆን በዲኤንኤው ጭምር ነበር። ይህን ስሰማ አንድ ጥያቄ ያዘኝ። አንድን ነፍሳት ከዘረመሉ ተነስቶ «የእነ እገሌ ወገን ነው» ማለት የሚቻለው እንዴት ነው?

አራት ኪሎ የሳይንስ ግቢ ባዮሎጂ እየተማርኩ ነበር። አዲስ ናሙና ለመሰብሰብ ገንዘቡም ፈቃዱም አልነበረኝም። ደግነቱ አላስፈለገኝም። የጋምቢየ ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም ወደ 278 ሚሊዮን ፊደል የሚሆነው የዲኤንኤው ጠቅላላ ጽሑፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል። በ2015 ደግሞ የ16 የአኖፌለስ ዝርያዎች ጂኖም አንድ ላይ ወጥቷል። ሁሉም ጅንባንክን በመሳሰሉ የመረጃ ቋቶች በነጻ ይገኛል። ለእንደኔ ዓይነቱ ተማሪ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔትና ትዕግሥት ካለ አራት ኪሎ ተቀምጦ እውነተኛ ሥራ መሥራት ይቻላል።

የጀመርኩት ሁሉም ሰው ከሚጀምርበት ከባርኮዱ ነው። ሲኦአይ የሚባለው ዘረመል ውስጥ 658 ፊደል ርዝመት ያለው ቁራጭ አለ። የዓለም ነፍሳት ሊቃውንት እንደ መታወቂያ ይጠቀሙበታል። የተለያዩ ዝርያዎችን ቁራጭ አወረድኩ። ማፍት በሚባለው ፕሮግራም ፊደል በፊደል አሰለፍኳቸው። ከዚያ አይኪው-ትሪ በሚባለው የዘር ሐረግ ዛፍ ሠራሁ። ይህ ክፍል ቀላል ነው፤ ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ ማታ ያልቃል።

ስቴፈንሲ ጥርት ብሎ ለብቻው ወጣ። አረቢየንሲስና ጋምቢየ ግን ተደበላለቁ። የአንዱ ቅርንጫፍ ሌላው ውስጥ ገብቶ ተገኘ።

ዛፉን አትሜ አንድ የማከብራቸው አስተማሪዬ ዘንድ ሄድኩ። ቢሯቸው በር ላይ ቆሜ «ዶክተር፣ ባርኮዱ እነዚህን ሁለቱን አልለየልኝም። ምን ላድርግ?» አልኳቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ትንሽ አዩትና «ሲኦአይ የት ነው ያለው?» አሉኝ። «ማይቶኮንድሪያ ውስጥ» አልኩ። «ከማን ይወረሳል?» «ከእናት ብቻ።» «ታዲያ ምን ይገርምሻል? እኛ ሰባት ቤት በአባት ስም ስንቆጥር የእናቶቻችን ወገን ከቆጠራው ይወጣል። አንቺ ደግሞ የትንኟን እናት ብቻ ነው የቆጠርሽው። የቀረውን ዘመድ ጠይቂ።»

ከዚህ ሁሉ ሥራ ያተረፍኩት ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። አንድ ዘረመል የሚነግረን የራሱን ታሪክ ነው። የዝርያው ታሪክ ከዚያ ጋር ሊገጥም ይችላል፤ ላይገጥምም ይችላል። ለዚህ ነው የነፍሳት ምደባ ባለፉት ዓመታት ከጥቂት ዘረመሎች ወደ ጂኖም የተሻገረው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት 1,478 ዘረመሎችን አነጻጽሮ የነፍሳትን መነሻ ወደ 479 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወስዶታል። ለሰባት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ደግሞ ቤታችንን የሚበላው ምስጥ ለብቻው የቆመ ክፍል ሳይሆን ከበረሮዎች ቤተሰብ የወጣ መሆኑ በዲኤንኤ ተረጋግጧል። መልካቸውን አይቶ ማን ዘመድ ይላቸዋል?

ወደ ሥራዬ ልመለስ። ቀጣዩ እርምጃ ከየጂኖሙ ተመሳሳይ ዘረመሎችን መልቀም ነው። ለዚህ ቡስኮ የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ። ለዝንቦችና ለትንኞች ወገን የተዘጋጀው ዝርዝሩ 3,285 ዘረመሎችን ይዟል። በየዝርያው አብዛኛውን ጊዜ አንድ አንድ ቅጂ ብቻ ያላቸውን ነው የሚፈልገው። ይህ ወሳኝ ነው። አንድ ዘረመል ሁለት ቅጂ ካለው የአንዱን ዝርያ አንደኛ ቅጂ ከሌላው ሁለተኛ ቅጂ ጋር አነጻጽሮ የሐሰት ዝምድና መፍጠር ቀላል ነው። መጀመሪያ ላይ ካነሳሁት የተመሳሳይ ዝርያዎች ስብስብ ጋምቢየን፣ ኮሉዚን፣ አረቢየንሲስን፣ ኳድሪአኑላተስን፣ ሜረስንና ሜላስን አስገባሁ። ከስብስቡ ውጭ ካሉ ዘመዶች ደግሞ ክሪስቲን እና ኤፒሮቲከስን ጨመርኩ። የዛፉ ሥር የት እንደሆነ የሚያሳዩት እነዚህ የውጭ ዘመዶች ናቸው። እነሱ ከሌሉ ዛፉ ማን ቀድሞ እንደተለየ አይናገርም።

አዲስ አበባ ላይ ይህን የሚሠራ ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። ትልልቅ ፋይሎችን ማውረድ ሌሊት ይሻላል፤ ኔትወርኩ ሲቋረጥ ካቆመበት የሚቀጥል የማውረጃ ትዕዛዝ መጠቀም ደግሞ ግድ ነው። ሁለተኛ፣ አይኪው-ትሪ የደረሰበትን እያስቀመጠ ስለሚሄድ መብራት ሄዶ ላፕቶፑ ቢጠፋ ያንኑ ትዕዛዝ ደግሞ መስጠት ብቻ ነው። ካቆመበት ይቀጥላል። ይህን ያሰቡ ሰዎች ይባረኩ።

ለእያንዳንዱ ዘረመል የየራሱን ዛፍ ሠራሁ። ከዚያ ዛፎቹን ዘረመሎቹ በተቀመጡበት ክሮሞዞም ከፈልኳቸው። እነዚህ ትንኞች ሦስት ጥንድ ክሮሞዞሞች አሏቸው፤ ኤክስ፣ 2ኛ እና 3ኛ። 2ኛና 3ኛው ላይ ያሉት ዘረመሎች በብዛት አረቢየንሲስን ከጋምቢየና ከኮሉዚ ጋር አስቀመጡት። ኤክስ ላይ ያሉት ግን «አይደለም፣ የአረቢየንሲስ የቅርብ ዘመድ ኳድሪአኑላተስ ነው» አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የእነዚህ ዝርያዎች የጂኖም ጥናት የደረሰበትም ይኸው ነው። ቢሆንም በራሴ ላፕቶፕ፣ በራሴ እጅ ሲወጣ ማየት ሌላ ነገር ነው። እስኪነጋ አልተኛሁም።

ታዲያ የቱ ነው እውነተኛው? አብላጫውን ማመን ደስ ይላል፤ እዚህ ላይ ግን ትክክል የሚመስለው ጥቂቱ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ዝርያዎቹ ከተለያዩ በኋላም አልፎ አልፎ ተዳቅለዋል። ወንዶቹ ዲቃላዎች መካን ናቸው፤ ሴቶቹ ግን ይወልዳሉ። በእነዚህ ሴቶች በኩል ዘረመል ከአንዱ ዝርያ ወደ ሌላው ሲሻገር ኖሯል። መካንነትን የሚያመጡ ብዙ ዘረመሎች ያሉት ኤክስ ላይ ስለሆነ ከባዕድ የመጣ የኤክስ ቁራጭ ይወገዳል። 2ኛና 3ኛው ላይ የመጣው ግን ይሰነብታል። ስለዚህ ኤክስ የጥንቱን የመለያየት ቅደም ተከተል ጠብቆ ቆየ። የቀረው ጂኖም በብዛት የሚተርከው የኋላውን መዳቀል ነው።

ይህ ነገር ስለ ቁጥር ያለኝን አመለካከት ለወጠው። ሁሉንም ዘረመሎች አንድ ላይ ቀጥዬ አንድ ረጅም ጽሑፍ ሳደርጋቸው አረቢየንሲስ ከጋምቢየ ጋር ሆኖ ወጣ። የቡትስትራፕ ድጋፉም፣ ማለትም መረጃው ደጋግሞ በዕጣ እየተመረጠ ዛፉ ሲሠራ ያ ቅርንጫፍ ከመቶ ስንቴ እንደሚወጣ የሚናገረው ቁጥር፣ ሙሉ 100 ነበር። 100 የሚለው ቁጥር መረጃው በዝቶ ወደ አንድ ወገን ማድላቱን ይናገራል፤ ስለ እውነትነቱ ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ አሁን ከቡትስትራፑ ጎን ስንት መቶኛ ዘረመሎች ያንን ቅርንጫፍ እንደሚደግፉ የሚያሳየውን ቁጥር ሁልጊዜ አወጣለሁ። አይኪው-ትሪ ራሱ ይሠራዋል። ሁለቱ ቁጥሮች ሲራራቁ እዚያ ቅርንጫፍ ላይ የሚነገር ታሪክ አለ ማለት ነው።

ጉዳዩ የምሁራን ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከትንኝ ወደ ትንኝ የሚሻገረው ዘረመል ፀረ ተባይ መድኃኒትን ለመቋቋም የሚያስችል ሊሆን ይችላል። ጋምቢየና ኮሉዚ መካከል ፀረ ተባይን የሚቋቋም ዘረመል እንደተሻገረ ይታወቃል። የዝርያ ድንበር አጥር አለመሆኑን ያላወቀ ሰው አጎበር ላይ የሚነከረውን ኬሚካል በትክክል መምረጥ ይቸገራል።

ከኮምፒውተሩ ውጭ የተማርኩት ደግሞ አለ። ግቢያችን ውስጥ የእንስሳት ሙዚየም አለ። ጂኖሙን ጨርሼ የደረቁ ናሙናዎች ምን ያህል ዋጋ እንዳላቸው የገባኝ እዚያ ስገባ ነው። ዲኤንኤ ከአንድ እግር ይወጣል። የቀረው አካል በመርፌ ተሰክቶ መቀመጥ አለበት። ነገ አንድ ሰው «ይህ ዲኤንኤ በእርግጥ የዚህ ትንኝ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ያ አካል ነው። አካሉ የሌለው ዲኤንኤ ባለቤቱ የማይታወቅ ደብዳቤ ሆኖ ይቀራል።

መለያ ወረቀቱም እንዲሁ። እኛ አገር ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለን። የናሙና ቱቦ ላይ «2016» ብቻ ተጽፎ ቢገኝ ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ.? ስቴፈንሲ ቀብሪ ደሃር በተገኘበት ዓመትና በእኛው 2016 መካከል ሰባት ስምንት ዓመት አለ። ለወራሪ ዝርያ ይህ ሰማይና ምድር ነው። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። «ሌሊት 5 ሰዓት» ብለን የጻፍነውን የውጭ ተመራማሪ ሊነጋ ሲል አድርጎ ያነበዋል። ትንኝ በስንት ሰዓት ትነክሳለች የሚለው ጥያቄ ሰው አጎበር ውስጥ ገብቷል ወይስ ገና ውጭ ነው የሚለውን ይወስናል። ስለዚህ ናሙና ለመሰብሰብ ለሚወጡ ጓደኞቼ የማሳስበው አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉ፣ ሰዓቱን በ24 ሰዓት አድርጉ፣ የቦታውን ከፍታ አትርሱ፣ በእርሳስ ጻፉ። አልኮል የእስክሪብቶ ቀለም ያጥባል።

አሁን ዓይኔ ያለው አማሪከስ ላይ ነው። ቀድሞ ኳድሪአኑላተስ ቢ ይባል የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የራሱ ስም የተሰጠው የኢትዮጵያ ትንኝ ነው። በአብዛኛው ከብት ስለሚነክስ ለወባ አይከሰስም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ብዙ ሰው የማያወራለት። እኔ ግን የአረቢየንሲስ ታሪክ ያለ እሱ ሙሉ አይመስለኝም። ቦታውን መጀመሪያ በኤክስ፣ ቀጥሎ በ3ኛው ክሮሞዞም ለየብቻ ላየው እፈልጋለሁ። ለዚህ ከጅማ በኩል አካሉም መለያውም የተሟላ ናሙና የሚያመጣልኝ ሰው እየጠየቅኩ ነው።