«ተማሪ የለም» ሲሉኝ አምኜ ተቀመጥኩ

በትዳር ስዊድን ገብቶ በአማርኛ መምህርነት መሥራት ለሚፈልግ ሰው ነው የምጽፈው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አንድ ዓመት ከመንፈቅ አላባክንም ነበር። ከእኔ ጊዜ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን በዚያ መሀል ሳይማሩ የቀሩት ልጆች ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ደሴ ስድስት ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። አንደኛ ደረጃ ነው፤ በአንድ ክፍል ስልሳ ልጅ። ባለቤቴ ቀድማኝ ስዊድን ገብታ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራ ነበር። እኔ በ2018 መጨረሻ ደረስኩ። የመኖሪያ ፈቃድ፣ መታወቂያ ቁጥር፣ ባንክ፣ ባንክ አይዲ (በስልክ ማንነትን ማረጋገጫ) በአራት ወር አለቀ። ኤስኤፍአይ ገባሁ፤ ለስደተኞች የሚሰጠው የስዊድንኛ ትምህርት ነው። ሌሊት ሌሊት ጋዜጣ አድል ነበር። ይሄ ሁሉም የሚያልፍበት ስለሆነ አልቆይበትም።

ነገሩን የነገረችኝ የኤስኤፍአይ አስተማሪዬ ናት። ስዊድን ውስጥ ቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚነገርበት ልጅ፣ ያንን ቋንቋ በትምህርት ቤት የመማር መብት አለው። «ሞደርስሞል» ይሉታል፤ የእናት ቋንቋ ማለት ነው። ከ1977 ጀምሮ የኖረ ሥርዓት ነው። ወላጅ ያመለክታል። ቋንቋው ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚነገር መሆን አለበት፤ ልጁም መሠረታዊ ችሎታ ያስፈልገዋል። ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ እንደ ሌላው ትምህርት ውጤት ይሰጥበታል። ይህን የሰማሁ ቀን ቤቴ የገባሁት እየሮጥኩ ነው። «ሥራዬን አገኘሁት!» አልኳት ባለቤቴን። በእሷ ደሞዝ መኖሩ ከብዶኝ ነበር።

ሥራ አገናኝ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ያነጋገረችኝ ሴት መጀመሪያ ዲፕሎማዬ ይገምገም፣ ቀጥሎ ኤስኤፍአይን እስከ መጨረሻው ደረጃ ልጨርስ፣ ከዚያ የመምህርነት ፈቃድ ላውጣ አለች። ካልሆነም የአረጋውያን እንክብካቤ ኮርስ ብገባ ይሻላል አለችኝ። ዲፕሎማውን ማስገምገም ጥሩ ነው፤ ነጻ ስለሆነ ላኩት። ግን እሱን ጠብቃችሁ ቁጭ አትበሉ። ለሞደርስሞል መምህር የመምህርነት ፈቃድ ግዴታ አይደለም። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ የትምህርት ሕጉን በመዝገበ ቃላት እያነበብኩ ነው የደረስኩበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

መጋቢት 2020 ላይ ለምንኖርበት ኮሙን፣ ማለትም ለከተማው አስተዳደር፣ የሞደርስሞል ክፍል ኢሜይል ጻፍኩ። ማን እንደሆንኩ፣ የት እንዳስተማርኩ፣ ማንኛውንም ሰዓት መሥራት እንደምችል። መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ። ሦስት መስመር ነው። ስለ ፍላጎትህ እናመሰግናለን፤ በአሁኑ ሰዓት ለአማርኛ ተማሪ የለንም፤ መልካም ዕድል።

አመንኳቸው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፣ ያውም ስዊድን ውስጥ፣ ለምን ይዋሹኛል ብዬ። አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አልጠየቅኩም። «ተማሪ የለም ስትሉ የጠየቀ ወላጅ የለም ማለት ነው?» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ምን ነበረበት? አልጻፍኩም። ጋዜጣዬን ማደል ቀጠልኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ቤተ ክርስቲያን ልጆች ፊደል አስቆጥር ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ሕንፃ የለውም፤ የስዊድኖቹን ነው የምንከራየው። ታችኛው ክፍል አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለ። አሥር፣ አሥራ ሁለት ልጅ ይመጣል። ሁሉም አማርኛ ይሰማሉ፣ አብዛኞቹ ይናገራሉ፣ የሚያነብ ግን አንድም አልነበረም። እነዚህን ልጆች በየሳምንቱ እያየሁ ነው እንግዲህ «ተማሪ የለም» የሚለውን ደብዳቤ አምኜ የኖርኩት። ዛሬም ራሴን ይቅር ያላልኩት በዚህ ነው።

በ2021 የመስቀል ሰሞን፣ ዳቦ እየቆረስን፣ አንዲት እናት «ጋሼ፣ ትምህርት ቤት ገብተው ለምን አያስተምሯቸውም?» አለችኝ። ተማሪ የለም ብለውኛል አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። «እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ አመልክቼ መምህር የለም አይደል እንዴ የሚሉኝ?» አለች።

አፌን ይዤ ቀረሁ።

በማግስቱ ደብዳቤውን ይዛ ቤታችን መጣች። ሁለቱን ወረቀቶች የወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አደረግናቸው። የእኔ፦ ለአማርኛ ተማሪ የለንም። የእሷ፦ ተስማሚ መምህር ስላልተገኘ ጥያቄዎን መቀበል አልቻልንም። ከላይ ያለው አርማ አንድ ነው። የክፍሉ ስም አንድ ነው። በቀን የሚለያዩት በአምስት ሳምንት ነው። ባለቤቴ ሁለቱን አንብባ ምንም አልተናገረችም፤ ተነስታ ቡናውን ጣደች።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት የሠራሁት ሥራ ይህ ነው። ከወላጆች ቤት ቤት እየዞርኩ «አመልክታችኋል ወይ? ምን ተባላችሁ?» ማለት። ሰባት ቤተሰብ፣ አሥራ አንድ ልጅ አገኘሁ። የአራቱ ልጆች ጥያቄ አማርኛ ተብሎ ገብቶ «መምህር የለም» ተብሎ ተዘግቷል። የሁለቱ ትግርኛ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ጸሐፊዋ የቤተሰቡን ስም አይታ የመሰላትን መርጣለች። የሦስቱ ቅጽ ላይ ቋንቋው «ኢትዮጵያኛ» ይላል። የቀሩት ሁለቱ ጭራሽ አላመለከቱም፤ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ለአባትየው «እዚህ ያላችሁት ሁለት ልጆች ብቻ ስለሆናችሁ አይሞላም» ብሎታል።

ይሄኛው በተለይ አናደደኝ። ደንቡ ትምህርቱን መስጠት ግዴታ የሚሆነው ቢያንስ አምስት ተማሪ ሲኖር ነው ይላል፤ እውነት ነው። ግን አምስቱ በአንድ ትምህርት ቤት መሆን የለባቸውም። የሚቆጠረው በአስተዳዳሪው አካል ሥር ባሉት ትምህርት ቤቶች በሙሉ ነው። የኮሙን ትምህርት ቤት ከሆነ የኮሙኑ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተደምረው ማለት ነው። ርእሰ መምህር ይህን አያውቅም ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

ዝርዝሩን በንጹህ ጽፌ፣ ስልክ ሳልደውል፣ ኢሜይል ሳልልክ በአካል ሄድኩ። ከሁለት ቀጠሮ በኋላ የክፍሉ ኃላፊ ተቀበለችኝ። ትሑት ሴት ናት፤ ቡና ሰጠችኝ። ሁለቱን ደብዳቤዎች ፊቷ አስቀመጥኩ። ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ኮምፒውተሯን ከፍታ አስረዳችኝ። ጥያቄው «መምህር የለም» ተብሎ ሲዘጋ ልጁ ከዝርዝሩ ይወጣል። ሥራ ፈላጊ ሲመጣ ደግሞ ሠራተኛው የሚያየው ያንኑ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ባዶ ነው። ስለዚህ ተማሪ የለም።

ማለት ተማሪ የጠፋው መምህር ስለሌለ ነው፤ መምህር ያልተቀጠረው ተማሪ ስለሌለ ነው። «የሲስተሙ አሠራር ነው» አለችኝ። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። እኔም ያን ቀን በተሰባበረ ስዊድንኛዬ ማለት የሚገባኝን አላልኩም። ዛሬ ብሆን «ሲስተሙን የሚሞላው ሰው ነው» እላት ነበር።

ቢያንስ በጥር እንጀምር ብዬ ለመንኩ። የማመልከቻው ጊዜ ጸደይ ላይ (በስዊድን ከመጋቢት እስከ ግንቦት) ነው፣ ለዚህ ዓመት አልፏል አለች። ልጆቹ ቀድመው አመልክተዋል እኮ ብላት ጥያቄያቸው ተዘግቷል አለች። እስከ ነሐሴ 2022 ጠበቅን።

ከአሥራ አንዱ ልጆች አንዷ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። በሰባተኛም በስምንተኛም ክፍል አመልክታ መምህር የለም ተብላለች። በሰኔ ትምህርት ቤቱን ጨረሰች፤ እኔ በነሐሴ ጀመርኩ። የአማርኛ ውጤት ቢኖራት ለሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ነጥቧ ይጠቅማት ነበር። ነጥቡስ ይቅር። ባለፈው ፋሲካ ቤተ ክርስቲያን ስልኳን ዘረጋችልኝ። አያቷ ከኮምቦልቻ ረጅም የቴሌግራም መልእክት ጽፈውላታል። «ያነቡልኛል?» አለችኝ። አጠገቧ ቆሜ ቀስ ብዬ አነበብኩላት። አያትየው ስለ ጉልበታቸው ሕመም ጽፈዋል፣ መቼ ትመጪያለሽ ብለዋል። አንጀቴን በላችው። በ2020 አንዲት መስመር ኢሜይል ብጨምር ኖሮ ይህቺ ልጅ ራሷ ታነበው ነበር።

በጥበቃው መሀል አንድ ነገር ጠቀመኝ። አዲስ ለመጡ ልጆች ሒሳቡን፣ ሳይንሱን በገዛ ቋንቋቸው የሚያግዝ ሰው ትምህርት ቤቶች በሰዓት ይቀጥራሉ፤ «ስቱዲየሃንድሌድኒንግ» ይባላል። ይህ ሥራ ጸደይን አይጠብቅም፣ አምስት ልጅም አይፈልግም። ጥር 2022 ላይ ከአዲስ አበባ ለመጣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በሳምንት አራት ሰዓት አገኘሁ። ከትምህርት ቤቱ የተጠየቅኩት ከፖሊስ የወንጀል መዝገብ ወረቀት ማምጣት ብቻ ነው። ማታ ማታ ቁጭ ብዬ ስበት፣ ትነት፣ ክፍልፋይ እያልኩ በሦስት ቋንቋ ቃላት አዘጋጅ ነበር። እና ሥራ አገናኞቹ የሚሉትን ቅደም ተከተል ተዉት። ስዊድንኛችሁ መግባቢያ ሲሆን፣ ኤስኤፍአይ ሳያልቅ፣ በዚህ በር ግቡ። እኔን የክፍሉ ሰዎች በስሜ ያወቁኝ በዚህ ሥራ ነው።

አሁን አምስት ትምህርት ቤት እዞራለሁ፤ በአውቶቡስ። ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ ከሌላው ክፍለ ጊዜ በኋላ ስለሆነ ልጆቹ ደክመው ነው የሚመጡት። ታኅሣሥ ላይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጨለማ ነው። 231 ፊደል ጨለማ ውስጥ ለደከመ የሰባት ዓመት ልጅ መደርደር አይሆንም። እኔ የምጀምረው በልጁ ስም ነው። ቀጥሎ የእናቱ ስም፣ ቀጥሎ ቤት ውስጥ የሚበላው ነገር። «ሽሮ» ብሎ የጻፈ ልጅ «ሽ»ንና «ሮ»ን አይረሳም። አንዳንድ ወላጅ «ሀ ሁ በቅደም ተከተል ካልሆነ ምኑን ተማሩት» ይለኛል። በዚህ አልስማማም፤ ቅደም ተከተሉ ይደርሳል።

ከፊደሉ በላይ ጊዜ የሚወስድብኝ «እርስዎ» ነው። ስዊድን ውስጥ ትንሹም ትልቁም አንተ፣ አንቺ ነው የሚባባለው። ልጆቹ አያታቸውን በስልክ «አንተ ደህና ነህ?» ይላሉ፤ ወዲያ ማዶ አያትየው ያዝናሉ፤ ልጁ ምን እንዳጠፋ አይገባውም። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ስልክ መደወል እንለማመዳለን። አንዱ አያት ይሆናል፣ አንዱ ልጅ።

ወላጆች፣ እናንተም አንድ ነገር። ቅጹ ላይ ራሳችሁ «አማርኛ» ብላችሁ ጻፉ፣ ሌላ ሰው አይምረጥላችሁ። የምትልኩትን ቅጂ፣ የሚመጣላችሁን መልስ ሁሉ አስቀምጡ። «መምህር የለም» ከተባላችሁ ደብዳቤውን ይዛችሁ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ማኅበሩም ጋ አስተማሪ የነበረ ሰው ጠይቁ። መምህራን ደግሞ «ተማሪ የለም» ሲሏችሁ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት ለአማርኛ ስንት ጥያቄ ቀርቦ ስንቱ እንደተዘጋ በጽሑፍ ጠይቁ። የሕዝብ መሥሪያ ቤት ሰነድ ለጠያቂው ክፍት ነው፤ ለምን እንደምትፈልጉት እንኳ የመናገር ግዴታ የለባችሁም።

እኔ በየዓመቱ ጸደይ ሲመጣ ይህንኑ ጥያቄ እልካለሁ። ባለፈው ጊዜ የመጣልኝ መልስ ላይ «ኢትዮጵያኛ» የሚል አንድ ልጅ አሁንም ነበረ። እናቱን አግኝቼ አስተካከልነው።