ጎኑ ተቀምጦ ያላየሁት ፋይል

ባለፈው ሳምንት በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የምትማር የጎረቤቴ ልጅ መጣችና «ጋሼ፣ እምቦጭ ከመምጣቱ በፊት የተነሳ የጣና ሐይቅ የፎገራ ዳር ፎቶ መቼም አያጡም» አለችኝ። ለጥናቷ ነው። እንዴት አጣለሁ? ከባሕር ዳር እንግዳ በጀልባ ሳመላልስ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ እኔ በ2002 ወፍ ለማየት የመጡ የሆላንድ ጡረተኞችን ይዤ ያን ዳርቻ አዳርሼዋለሁ። አገራቸው ሲገቡ ፎቶውን በኢሜይል ልከውልኛል።

ኢሜይሉ ግን ያለው አሮጌው ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነው። ያኔ አውትሉክ 2007 የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም የጫነልኝ ልጅ በፖፕ ነበር ያገናኘው። ደብዳቤው ወደ ኮምፒውተሬ ወርዶ ከሰርቨሩ ይሰረዛል ማለት ነው። በስልክም ብገባ በአዲሱ ኮምፒውተር፣ የድሮው የለም።

ላፕቶፑን ከቁም ሳጥን አወጣሁት። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ገመዱ ላይ ሲውል ብቻ ይሠራል። አውትሉክ ደብዳቤውን ሁሉ፣ አድራሻውንም ቀጠሮውንም ጭምር፣ መጨረሻው ፒኤስቲ በሚል ፋይል ነው የሚያጭቀው። በእኔ ላፕቶፕ ፋይሉ ያለው አፕዴታ የሚባል የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ነው፤ የተደበቁትን አሳይ ካላሉት አይታይም። አውትሉክን ዘጋሁ (ክፍት ሆኖ ኮፒ አይደረግም)፣ አውትሉክ ፒኤስቲ የሚለውን 1.3 ጊጋባይት ፋይል በፍላሽ ወስጄ አዲሱ ላይ ከፈትኩ። ደስ አለኝ። ወደ ታች ስወርድ ግን ከሁሉ የቆየው ደብዳቤ ላፕቶፑን ከመተዌ ስድስት ወር በፊት የመጣ ነው። ከዚያ በፊት የመጣው አንድም የለም!

አንድ ቀን ሙሉ ጠፋ ብዬ አዘንኩ። ማታ ጋደም ብዬ ነው ትዝ ያለኝ፤ አውትሉክ በየጊዜው «የቆዩትን ላስቀምጥ?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር፣ እኔም ቶሎ እንዲሄድልኝ «እሺ» እያልኩ እጫናለሁ። ለካ ገቢ ደብዳቤው ስድስት ወር ሲያልፈው እያነሳ አርካይቭ ፒኤስቲ ወደሚባል ሌላ ፋይል ሲያሻግረው ኖሯል። ስመለስ እዚያው ፎልደር ውስጥ፣ ከወሰድኩት ፋይል ጎን ተቀምጧል። 5.8 ጊጋባይት።

እሱን ደግሞ ፍላሹ እንቢ አለ። 16 ጊጋባይት ፍላሽ፣ ግማሹ ባዶ፣ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ይላል። ነገሩ የፍላሹ አሠራር ነው፤ ፋት 32 ከሆነ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ አይቀበልም። ትልቅ ፋይል ወደሚቀበለው ኤክስፋት ፎርማት ማድረግ ነበረብኝ፤ ፎርማት ደግሞ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ፍላሹ የባለቤቴ ነው፣ መዝሙር ሞልቶበታል። መጀመሪያ መዝሙሩን አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ገለበጥኩ።

ኮፒው ሰባ በመቶ ሲደርስ መብራት ሄደ። ባትሪ የሌለው ላፕቶፕ ወዲያው ድርግም። ኮፒ እንጂ ከት ስላላደረግኩ ዋናው ፋይል ደህና ነው፤ ማታ መብራት ሲመጣ የተቆረጠውን አጥፍቼ እንደገና ጀመርኩ። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ከፍላሹ አልከፈትኩትም፤ ፍላሹ መሃል ላይ ቢነቀል ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ሃርድ ዲስኩ ላይ አድርጌ፣ ክላሲክ በሚባለው አውትሉክ «ፋይል» ውስጥ ገብቼ የዳታ ፋይል ክፈት አልኩት። በግራ በኩል ሁለተኛ ሳጥን ሆኖ ብቅ አለ።

መጋቢት 2002። አሥራ አንድ ፎቶ። ልጅቷን ጠርቼ አብረን አየን። ውሃው እስከ ዳር ንጹሕ፣ ደንገሉ ቆሟል፣ ሁለት ታንኳ ይታያል። «ይኼ የት ጋ ነው ጋሼ?» አለች። ርብ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበት ነው አልኳት፤ የዳሩን ቅርጽ እንኳን እኔ ጀልባዬም ታውቀዋለች። ኢሜይሉ ቀን ስላለው ለጥናቷ ከፎቶው በላይ እሱ ጠቀማት፤ ደብዳቤውን ራሱን ላክሁላት።

መዝሙሩ ግን አሁንም ዴስክቶፔ ላይ ነው። ባለቤቴ ከእሑድ በፊት ፍላሿን ትፈልጋለች።